ዘጠኝ ወር ከአንጎል ዶፕለሬ ጋር፦ የትኛውን ቁጥር አምናለሁ?

እቁብ ሲደርሰኝ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ቤት ውስጥ የሚቀየር ፍሪጅ አለ። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን የጣልኩበት ያገለገለ የአንጎል ዶፕለር አለ። «ፍሪጁ ይቆይ» አለችኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ነው። የጭንቅላት ታካሚዎቻችን አብዛኞቹ ከመኪና አደጋ የሚመጡ ናቸው። የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለንም። ሲቲ ስካን አለ፤ ግን ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ሰው ከአልጋው አንስቶ እዚያ ማድረስ ራሱ አደጋ አለው። ታካሚው በማስታገሻ ተኝቷል፣ አይናገርም፣ እጁን አንሳ ቢሉት አይሰማም። የቀረን የዓይኑን ብሌን በባትሪ እያዩ መጠበቅ ነው። ብሌኑ ሲሰፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። መሣሪያውን የገዛሁት ለዚህ ክፍተት ነው።

ለማያውቀው አንባቢ፦ ዶፕለሩ የአንጎል ሥዕል አያሳይም። እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ ፕሮብ አለው። ጄል ተቀብቶ ከጆሮ ፊት፣ ከጉንጭ አጥንት በላይ ይደረጋል። እዚያ ጋ የራስ ቅሉ አጥንት ስስ ነው፤ ባለ 2 ሜጋኸርዝ ድምፅ ያልፍበታል። ድምፁ ከሚሮጡት ቀይ የደም ሕዋሳት ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ፍጥነታቸውን ያሰላል። ዘዴውን ኖርዌያዊው ሩኔ ኦስሊድ ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በደንብ ሲገኝ ከስፒከሩ «ሽው… ሽው…» የሚል ድምፅ ይወጣል። ከልብ ምቱ ጋር እኩል ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ስሰማው ሰውነቴን ነው የወረረኝ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ይታመናል ወይ?

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ማሽኑ የሚለካው ፍጥነትን እንጂ የደም መጠንን አለመሆኑ ነው። አትክልት የምናጠጣበትን ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ጫን ስንለው ውሃው ርቆ ይወረወራል። የሚወጣው ውሃ ግን አልጨመረም። የደም ሥርም እንደዚያው ነው። ፍጥነቱ ከፍ ያለው ደም ስለበዛ ነው ወይስ ሥሩ ስለጠበበ? ከአንዱ ቁጥር ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ጣጣ የእጅ ነው። ማሽኑ ድምፁ ከደም ሥሩ ጋር ቀጥ ብሎ የገጠመ አድርጎ ነው የሚያሰላው። 30 ዲግሪ ያህል ከተንጋደደ ፍጥነቱን 13 በመቶ ገደማ አሳንሶ ይነግርሃል። 60 ዲግሪ ከሆነ በግማሽ። ዶፕለሩ ሥዕል ስለሌለው ደግሞ ምን ያህል እንደተንጋደድክ አታይም።

ይህን በራሴ ላይ ያየሁት በመጀመሪያው ወር ነው። አንዲት የብዙ ዓመት ልምድ ያላት ሲስተር አለች፤ ሥራውን አብረን ነው የተማርነው። አንድ ታካሚ ላይ ሳንተያይ ለካን። እኔ አማካይ ፍጥነቱን በሰከንድ 41 ሴንቲ ሜትር አልኩ፣ እሷ 63።

«ዶክተር፣ በስንት ጥልቀት ነው ያገኙት?» አለችኝ።

«64 ሚሊ ሜትር።»

«እኔ 52 ላይ ነው። እስቲ ፕሮቡን ወደ እርስዎ ሳያጋድሉ ትንሽ ወደ ፊት ያዙሩት።»

አዞርኩት። ድምፁ ጠራ፣ ቁጥሩ 61 ገባ። እኔ የያዝኩት የደም ሥሩ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ነበር። ስክሪኑ ላይ ከመስመሩ በላይም በታችም ፍሰት ይታይ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንብ አወጣን። ጥሩ ድምፅ የተገኘበት ቆዳ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ እናደርጋለን። ጥልቀቱን፣ የደም ግፊቱን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ሄሞግሎቢኑንና የማስታገሻውን መጠን ቻርት ላይ ከቁጥሩ ጎን እንጽፋለን። እነዚህ ከሌሉ ቁጥሩን አናነበውም። አሁን የሁለታችን ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ10 አይበልጥም። እዚያ ለመድረስ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶብናል። ማሽኑን ገዝቶ በሳምንት ውስጥ ውሳኔ ሊሰጥበት ያሰበ ሰው ካለ እባክህ ቆይ እለዋለሁ።

አሁን ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በዘጠኝ ወር ውስጥ በጣም ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ሌሊት ዱቲ ላይ ነበርኩ። የባጃጅ ሹፌር፣ ገና ወጣት፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ቬንቲሌተር ላይ ነው። ለካሁት። ዝቅታው፣ ማለትም ልብ በምታርፍበት ጊዜ ያለው ፍጥነት፣ 17 ነው። ፒአይ የምንለው፣ የከፍታና የዝቅታውን ልዩነት ለአማካዩ አካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፣ 1.6 አለ። የሚታወቀው ማስጠንቀቂያ ዝቅታው ከ20 በታች፣ ፒአይ ከ1.4 በላይ ሲሆን ነው። ሁለቱንም አልፏል። ግፊት ጨምሮበታል ብዬ ግፊት የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ ማኒቶል፣ ላዝ እጄን ዘረጋሁ። ሲስተሯ ግን ቻርቱን እያየች ነበር። «ካርቦኑ 26 ነው እኮ» አለችኝ። ቬንቲሌተሩ ከሚገባው በላይ እያስተነፈሰው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወርድ የአንጎል ትንንሽ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ። በስክሪኑ ላይ የሚሠራው ቅርጽ የራስ ቅል ግፊት ከሚሠራው ቅርጽ ጋር አንድ ነው። የትንፋሹን ቁጥር ቀነስኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካርቦኑ 34 ገባ። ያው ነጥብ፣ ያው 54 ሚሊ ሜትር። ዝቅታው 30 ሆነ፣ ፒአይ ወደ 1.1 ወረደ።

ያን ሌሊት መሣሪያው አሳሳተኝ ወይስ አዳነኝ? እኔ አዳነኝ ባይ ነኝ። አንጎሉ ደም እያነሰው መሆኑን በትክክል ነግሮኛል። ለምን እንዳነሰው ግን አልነገረኝም። ለምኑን መፈለግ የኛ ሥራ ነው። ፒአይ አይቶ «የራስ ቅል ግፊቱ ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ሳይ አሁን ይከፋኛል። ዶፕለሩ ያንን አይለካም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗም ይታሰብ። እዚህ የሚኖር ጤነኛ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከባሕር ጠረፍ ሰው ዝቅ ይላል። መጽሐፉ ላይ ልክ ነው የሚባለው 40 የሁላችንም 40 አይደለም።

የደም ማነስም እንደዚሁ ያደናግራል። የአንጎሏ ደም ሥር ፈንድቶ የገባች እናት ነበረችን። በስምንተኛው ቀን አማካዩ 146 ሆነ። የደም ሥር መጥበብ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ስለሚጠበቅ፣ ከ120 በላይም ስለሆነ ሁላችንም ደነገጥን። አንገቷ ላይ ወደ አንጎል የሚወጣውን ዋና የደም ሥር ስንለካ ግን 61 አገኘን። 146 ለ61 ሲካፈል 2.4 ነው። መጥበብ ነው የሚባለው ከ3 ሲያልፍ ነው። ሄሞግሎቢኗ 6.8 ነበር፤ የደም ማነስ ነው። ደሙ ቀጥኖ ነው የሚሮጠው። ደም ሰጠናት፣ ፍጥነቱ ወረደ። አንገትን ሳይለኩ መጥበብ አለ ብሎ መጻፍ ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል ቀርቷል።

ከሁሉ የከበደኝን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንዲት እናት፣ በዕድሜ የገፉ፣ ስትሮክ ይዟቸው ገቡ። በቀኝም በግራም አርባ ደቂቃ ፈለግሁ። ምንም ድምፅ የለም። አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ላይ፣ አጥንቱ ድምፁን አያሳልፍም። ጀማሪው ሬዚደንት «ፍሰት የለም» ብሎ ሊጽፍ ነበር። እጁን ያዝኩት። «ድምፅ አልተገኘም» እና «ፍሰት የለም» ሰማይና ምድር ናቸው። በር ላይ ልጃቸው ጠበቀችኝ።

«ዶክተር፣ የእማዬ ጭንቅላት ሞቷል እንዴ? ማሽኑ አልሰማም አሉ።»

«አይደለም እህቴ። በእሳቸው አጥንት በኩል ማሽኑ መስማት አልቻለም። ስለ እሳቸው ምንም አልነገረንም።»

ማን እንደነገራት አላውቅም። እናቷ በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። የአንጎል ሞት ጥያቄ ሲነሳ ትርጉም ያለው ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ ወይም አጭር ጦር የሚመስል ምልክት ነው። እሱም ቢሆን ለብቻው አይበቃም። ባዶ ስክሪን ማስረጃ አይደለም።

ስለ ዕቃው ራሱ በአጭሩ። ባትሪው ደህና ነው፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያደርሰኛል። ነገር ግን ሲጠፋ ሰዓቱና ቀኑ ይጠፋበታል፤ የሁለት ሳምንት መዝገብ በተሳሳተ ቀን ተቀምጦብኛል። ፕሮቡን የሚይዘው የጭንቅላት ማሰሪያ ታካሚው ሲገላበጥ ይንሸራተታል፣ ግንባርም ላይ ምልክት ይተዋል። ከሃያ ደቂቃ በላይ አላስረውም። ምልክቱ ሲደክምና ጫጫታ ሲበዛበት ማሽኑ በራሱ የሚያሰምረው መስመር ከደሙ ይልቅ ጫጫታውን ይከተላል፤ እንደዚያ ሲሆን ቁጥሩን ትቼ በእጄ አሰምራለሁ። የፕሮቡ ገመድ በስድስተኛው ወር ላላ። የሸጠልኝ ድርጅት ስልኬን ማንሳት ካቆመ ቆየ። የጠገነልኝ የሆስፒታሉ የባዮሜዲካል ባለሙያ ነው፣ ያውም በምሳ ሰዓቱ። የሚገዛ ሰው ከማሽኑ በፊት መለዋወጫውን ይጠይቅ።

እንደገና እገዛዋለሁ? አዎ። የአንድ ቀን አንድ ቁጥር ሰጥተውኝ ወስን ቢሉኝ አልወስንም። የአንድን ሰው የአምስት ቀን መዝገብ፣ በአንድ ነጥብ፣ በአንድ ጥልቀት፣ ካርቦኑ ከጎኑ ተጽፎ ከሰጡኝ ግን እወስንበታለሁ፤ ወስኜበትም አውቃለሁ። የሚቀጥለው እቁብ ሲደርስ ፍሪጁ ይገዛል። ከተረፈ ሁለተኛ ፕሮብ እፈልጋለሁ፣ ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ ለመስማት።