ስምንት ወር ከካሽ ሰርቨር ጋር፣ ደሴ ላይ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ አለችኝ። 14 ማሽን፣ አንድ የኢንተርኔት መስመር። ማይክሮሶፍት ዋናውን የዊንዶውስ አፕዴት የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በኛ ሰዓት ማታ። ረቡዕ ጠዋት ክፍሉን ስንከፍት 14ቱም ያንኑ ፋይል ለማውረድ ይሻማሉ። ተማሪው ጎግል እንኳ መክፈት ያቅተዋል። ማሽኖቹ እርስ በርስ እንዲቀባበሉ የሚያደርግ ሴቲንግ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ እኔ ጋ ግን ሁሉም አንዴ ስለሚነሱ ብዙም አልረዳኝም።

አንድን ኮምፒውተር ካሽ ሰርቨር የሚያደርግ፣ ላንካሽ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ከጫንኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። አንዱ ማሽን ሲያወርድ ሰርቨሩ ኮፒ ያስቀራል፤ ሌሎቹ ከዚያው ይወስዳሉ። ስቲም ከሚባለው የጌም መደብር የሚወርድ ጌምም እንደዚያው። ዩቲዩብ ግን አይታሰብም፤ የተመሰጠረ ስለሆነ ሰርቨሩ መሃል ገብቶ ሊያስቀር አይችልም። ለቪዲዮ ብላችሁ ሰርቨር እንዳትገዙ።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮር አይ 5 ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ፈቶ ነው የከረመው። መጀመሪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ተቸነከረብኝ። ሁለት ሳምንት ሴቲንግ ስነካካ ቆየሁ። ለካ ጥፋቱ ማሽኖቹን በኬብል የምታገናኘው፣ ጥግ ላይ የተረሳችው ስዊች ናት፤ 100 ሜጋቢት፣ በባይት ቢሰላ ከ12.5 ሜጋ አይበልጥም! በጊጋቢት ስቀይራት 110 ገባ።

ያኔ ደግሞ የዲስኩ ጉድ ወጣ። "አዲስ ነው" ተብዬ የገዛሁት 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነበር። የዲስክን ጤና በሚያሳየው ስማርትሲቲኤል በሚባል ትእዛዝ ሳየው ከ20 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። ከሁለት ዓመት በላይ ሳይጠፋ ማለት ነው። ለአንድ ማሽን ሲያቀብል ደህና ነው፤ አሥሩ እኩል ሲጠይቁት ግን ከውስጥ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ፍጥነቱም ቁልቁል ይወርዳል። 1 ቴራ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ሳስገባ ተገላገልኩ። ራሙንም ከ8 ወደ 16 ጊጋ አሳደግኩት። ላንካሽ ለ1 ቴራ ዲስክ፣ ያስቀመጣቸውን ፋይሎች ለሚመዘግብበት ኢንዴክስ 250 ሜጋ ራም ይበቃዋል፤ በተረፈው ራም የሰርቨሩ ሲስተም ሊኑክስ በቅርብ የተነበቡ ፋይሎችን ይይዝበታል።

ለማስተዳደር እኔ ኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን ሆኖ ትእዛዝ መጻፊያ) ይበቃኛል። ረዳቴ ትእዛዝ መጻፍ ስለማትወድ ኮክፒት ጫንኩላት፤ ቡና እየጠጣች ከስልኳ ብሮውዘር ላይ ዲስኩ ስንት እንደሞላ ታያለች። ኮንቴይነር (ለየብቻ ታሽገው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ማስተዳደሪያ የሆነውን ፖርቴነርንም ሞክሬው ነበር። ላሉኝ ሁለት ኮንቴይነሮች በዛብኝ፣ አነሳሁት።

ያስመረረኝ ዲኤንኤሱ ነው፤ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት። ላንካሽ እንዲሠራ ማሽኖቹ ሁሉ አድራሻ የሚጠይቁት ከሱ መሆን አለበት። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ሳይነሳ ሲቀር ኢንተርኔቱ እያለ "ጋሼ፣ ኔትወርኩ ሞተ!" ይሉኛል። ሁለተኛ ዲኤንኤስ ብጨምር ደግሞ ማሽኖቹ ካሹን እየዘለሉ ወደ ውጭ ይወጣሉ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ገዛሁ፣ የማሽኑ መነሻ ሴቲንግ (ባዮስ) ውስጥ ገብቼም መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ አይቶ ተመሳሳዩን ገጠመ፤ እሱ ሃርድ ዲስክ ነው የቀጠለው። ደሴ ብርድ ላይ የኔው ዲስክ 35 ዲግሪ አያልፍም ነበር። የሱ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ በዚያ ሙቀት፣ 50 ይነካል። "ማራገቢያ ግዛለት" ስለው "አብሽር" ይለኛል።