ለቡናማ አልጌ የቱ ይሻላል? መፋቂያ፣ ቀንድ አውጣ፣ ዓሣ ወይስ የውሃ ማጣሪያ

በዓሣ ገንዳ መስታወት፣ በአሸዋና በቅጠል ላይ የሚያርፈው ቡናማ ሽፋን በጣት ሲያብሱት ወዲያው ከለቀቀ ዲያቶም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው። ቅጠል ጫፍ ላይ ጥቁር ፀጉር መስሎ የተጣበቀና ቢስቡት የማይለቅ ከሆነ ሌላ ዓይነት አልጌ ነው። እየተገሸለጠ የሚነሣና የሚሸት አረንጓዴ ሽፋን ደግሞ ሳያኖባክቴሪያ ይባላል። የእነዚህ የሁለቱ መፍትሔ ሌላ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የተነጻጸሩትን ለእነሱ ብለው አይግዙ።

ዲያቶም የሕዋሱን ግድግዳ የሚሠራው ከሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ማዕድን) ነው፤ ሲሊካው ደግሞ በአብዛኛው የሚገባው በምንሞላው ውሃ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ በሊትር በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊግራም ሲሊካ መያዙ የተለመደ ነው። ቤትዎ የሚደርሰው የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ከሆነ፣ ወይም በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ይህን ከግምት ያስገቡ። በአዳሚ ቱሉ የሚገኘው ነጭ ዲያቶማይትም በጥንት ሐይቅ የኖሩ የእነዚሁ ፍጥረታት ዛጎል ክምችት ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በአሸዋው ያላክካል፤ ነገር ግን የኳርትዝ አሸዋ በውሃ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ስለሆነ አሸዋ ለመቀየር ገንዘብ አያውጡ።

ገንዳው 3 ወር ካልሞላው

መፋቂያ፣ ቱቦና ባልዲ ይበቃል። በአዲስ ገንዳ የፊልተሩ ባክቴሪያ ገና አልተደላደለም፣ አሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ) አለ፣ ተክሎቹም ሥር አልሰደዱም፤ ስለዚህ ዲያቶም ተወዳዳሪ ሳይገጥመው ይስፋፋል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታይቶ፣ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ከመፋቂያዎቹ ማግኔቱ እጅ ሳያረጥብ በየቀኑ ለማበስ ይመቻል። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመስታወት ውፍረት ከገንዳዎ ጋር ያመሳክሩ፤ ለ6 ሚሊሜትር የተሠራው 10 ሚሊሜትር መስታወት ላይ ስለማይዝ ይወድቃል። ሁለቱ ክፍሎች ሲለያዩ የውስጡ ወደ ላይ የሚንሳፈፍበት ዓይነት ካለ እሱን ይምረጡ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በማግኔቱና በመስታወቱ መሀል ከገባች የማይጠፋ ጭረት ትተዋለች፤ ስለዚህ አሸዋው ጋ ለመድረስ 3 ሴንቲሜትር ሲቀር ያቁሙና የቀረውን ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ይፋቁ። ምላጭ ርካሽ ነው፣ የደረቀውንም ያነሣል። ለአክሪሊክ (ፕላስቲክ) ገንዳ ግን በፍጹም አይሆንም፤ በመስታወት ገንዳም ቢሆን ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሲሊኮን ከቆረጠ ውሃ ያፈስሳል።

የመፋቂያው ዓይነት ከአጠቃቀሙ በታች ነው። የተፋቀው አልጌ እዚያው ከቀረና ከሞተ፣ የያዘው ፎስፌትና ሲሊካ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ፊልተሩን ያጥፉ፣ መስታወቱንና ቅጠሉን ያብሱ፣ ብናኙ እስኪያርፍ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ የአሸዋውን ገጽ በቱቦ እየሳቡ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ያውጡ። የፊልተሩን ስፖንጅ ባልዲው ውስጥ ባለው በዚሁ ውሃ ይጨምቁት፤ በቧንቧ ውሃ ካጠቡት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድልና አሞኒያ እንደገና ይነሣል። አዲሱን ውሃ ክሎሪኑን የሚያጠፋ ፈሳሽ ጨምረው ይሙሉ፣ ፊልተሩንም ወዲያው ያብሩ። ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። መብራቱ በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል በታይመር ይብራ።

ቀንድ አውጣ ወይስ ዓሣ?

ለአብዛኛው ገንዳ የምንመርጠው ኔራይት ቀንድ አውጣን ነው። ለ20 ሊትር አንድ ይበቃል፤ መስታወትና ድንጋይ ላይ ያለውን ዲያቶም ሌት ተቀን ይልሳል። ጫጩቱ ለማደግ ጨው ያለበት ውሃ ስለሚፈልግ ጨው በሌለው ውሃ ገንዳ አይራባም። ሴቷ ግን ሰሊጥ የሚያክል ነጭ እንቁላል ድንጋይና እንጨት ላይ ትለጥፋለች፤ በምላጭ ካልሆነ አይነሣም። ያ የሚያስጠላዎ ከሆነ አይግዙት። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7 በላይ የሆነና ካልሲየም ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ በለስላሳና አሲዳማ ውሃ ዛጎሉ ይቦረቦራል። ከገንዳ ስለሚወጣ ክዳን ያስፈልጋል። በጀርባው ከወደቀ ብዙ ጊዜ መገልበጥ ስለሚያቅተው ያቅኑት።

ኦቶሲንክለስ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የምትሆን ሰላማዊ ዓሣ ናት፤ ቀንድ አውጣው የማይደርስበትን ቀጭን ቅጠል በደንብ ታጸዳለች። ችግሩ ጊዜው ነው፦ ዲያቶም የሚበዛው ገንዳው አዲስ ሳለ ነው፣ ኦቶ ደግሞ በአዲስ ገንዳ አትቆይም። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው፣ ገንዳው 3 ወር ካለፈው በኋላ፣ ቢያንስ 6 አድርገው፣ 60 ሊትርና ከዚያ በላይ በሆነ ገንዳ ያስገቧቸው። አብዛኞቹ ከወንዝ የተያዙ ናቸውና በጉዞ ተርበው ይደርሳሉ። ሱቅ ውስጥ መስታወት ላይ ስትጣበቅ ሆዷን ይዩ፤ የሰረጎደ ከሆነ ይተዋት። አልጌው ሲያልቅ በፈላ ውሃ ለስለስ ያለ የዝኩኒ ቁራጭ ካላገኙ በረሃብ ይሞታሉ።

ብሪስልኖዝ ፕሌኮ ከ10 እስከ 13 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ላለው ብቻ ይሁን። ብዙ ስለሚበላ ብዙ ያቆሽሻል፤ ከቅጠል ይልቅም መስታወትና እንጨት ላይ ይሠራል። በዚህ ስም ተለውጦ የሚሸጠውን ተራውን ፕሌኮ ግን ይጠንቀቁ፦ ሱቅ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር የነበረው ከ40 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። የቻይና አልጌ በል የሚባለውም ሲያድግ ጠበኛ ይሆናል፣ የሌሎችን ዓሦች ቆዳ ይልሳል።

ገንዘብዎን የሚበሉ

ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት የሚገድለው ከውሃው ጋር በውስጡ የሚያልፈውን ሕዋስ ነው፤ መስታወት ላይ የተለጠፈው ዲያቶም በውስጡ አያልፍም። መዳብ ያለበት የአልጌ መድኃኒት ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይገድላል። ገንዳውን በጨርቅ ሸፍኖ ማጨለምም ደካማ ብርሃን ለሚችለው ዲያቶም ብዙ አይሠራም። ከእነዚህ ሁሉ በፍጥነት የሚያድግ ተክል ይሻላል፤ ሆርንዎርት ሳይተከል ተንሳፎ ያድጋል፣ አሞኒያና ፎስፌትም ይሻማል። እምቦጭን ግን ጣና ላይ ያደረሰውን ስለምናውቅ፣ ወደ ቤት አያምጡት።

ማጣሪያ ጥራጥሬ ወይስ አርኦ (በግፊት የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ)?

ገንዳው ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኖት አሁንም በየሳምንቱ ቡናማ የሚሆን ከሆነ፣ የሲሊኬት (በውሃ የሟሟ ሲሊካ) መመርመሪያ ገዝተው የቧንቧውን ውሃ ይለኩ። በሐይቆች እንደታየው ሲሊካ በሊትር ከ0.5 ሚሊግራም ሲወርድ የብዙ ዲያቶሞች እድገት ይገታል።

የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ በቀጭን ከረጢት ፊልተር ውስጥ ይገባል፤ ፎስፌትንም ሲሊካንም ይይዛል። ውሃዎ በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ሲሊካ ብቻ ካለው ጥሩ ግዢ ነው። በደንብ አለቅልቀው፣ ማሸጊያው ከሚለው ግማሽ ይጀምሩ፤ ፎስፌቱ ጨርሶ ከወጣ ተክሎቹ ይራባሉ። ውሃዎ 40 ሚሊግራም ከያዘ ግን እያንዳንዱ የውሃ ቅያሪ ጥራጥሬውን ቶሎ ስለሚያጠግበው ወጪው አያልቅም።

እዚያ ላይ የሚሠራው አርኦ ነው፤ ሜምብሬኑ (ውሃው በግፊት የሚያልፍበት ስስ ሽፋን) ማዕድኑንና አብዛኛውን ሲሊካ ያስቀራል። ከመግዛትዎ በፊት ግፊቱን ያስቡ። መሣሪያው ወደ 3 ባር (የግፊት መለኪያ) ይፈልጋል፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ስለማይበቃ የግፊት ፓምፕ መጨመር ግድ ነው። ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይፈስሳል፤ ለልብስና ለአትክልት ካልተጠቀሙበት በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ሰው ከባድ ነው።

አርኦን ከቧንቧ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ማደባለቅ ለዚህ ችግር አይረዳም፤ 40ው 20 ይሆናል፣ ከ0.5 በእጅጉ ይበልጣል። ሙሉ በሙሉ አርኦ ተጠቅመው ማዕድኑን በዱቄት ይመልሱ፤ ያለዚያ ጉፒ የሚባሉት ዓሦችና ቀንድ አውጣ ይጎዳሉ። ከሜምብሬኑ በኋላ የዲአዮን ሬዚን (የተረፈውን ማዕድን የሚይዝ ጥራጥሬ) ካስገቡ በቲዲኤስ ሜትር (በውሃ የሟሟ ማዕድን መለኪያ) ብቻ አይመኑ። ሬዚኑ ሊያልቅ ሲል ቀድሞ የሚለቀው ሲሊካን ነው፣ ሜትሩም ሲሊካን አያይም፤ ገንዳው እንደገና ቡናማ ሲሆን ሜትሩ ዜሮ ቢያሳይም በሲሊኬት መመርመሪያው ይለኩና ሬዚኑን ይቀይሩ።