ለቱርክኛ ተማሪ የሚሆን መዝገበ ቃላት፦ «ዲም» በተባለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የተደረገ ፍተሻ

ቱርክ አገር ለትምህርት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ፣ በተለይም በቱርክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ተመርጦ የመጀመሪያውን ዓመት በቋንቋ ዝግጅት የሚያሳልፍ ተማሪ፣ ቱርክኛን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ አማካይነት ነው። ከኢስታንቡል ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴም ቢሆን ስልኩ ላይ የሚጭነው የእንግሊዝኛና የቱርክኛ መዝገበ ቃላት ነው። ስለዚህ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

መዝገበ ቃላትን በከባድ ቃል መመዘን ብዙ አይጠቅምም። «ፓርላማ» ወይም «ትራንስፎርመር» በየትኛውም መዝገብ ውስጥ ትክክለኛ አቻውን ያገኛል። ደካማ ብርሃንን የሚገልጸው «ዲም» የተባለው ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ግን አዘጋጆቹ ምን ያህል እንደደከሙ ወዲያውኑ ያሳያል፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚሸፍነውን ቱርክኛ ቢያንስ ለአምስት ያከፋፍለዋል፣ አምስቱም በየራሳቸው ቦታ እንጂ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገቡም።

የመጀመሪያው «ሎሽ» ነው። ለክፍል፣ ለመተላለፊያ፣ ለምግብ ቤት፣ በጠቅላላው ብርሃን በበቂ ሁኔታ ለማይደርስበት ቦታ ይነገራል፤ እኛ ድንግዝግዝ ያለ ወይም ጨለምለም ያለ የምንለው ነው። ቃሉ ነቀፋ የለበትም፤ ቱርኮች ለእራት የሚመርጡትን ጸጥ ያለ ቤት ሲያሞግሱም ይጠቀሙበታል። ሁለተኛው «ሶኑክ» ሲሆን «መጥፋት» ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ለመጥፋት የተቃረበ ፍም፣ በጭንቅ የምትታይ ኮከብ፣ እንዲሁም ሞቅታ ያልነበረው ድግስ በዚህ ቃል ይገለጻሉ። ሦስተኛው «ዶኑክ»፣ ከ«መቀዝቀዝና መርጋት» የመጣው፣ ለፈዘዘ ዓይንና አንጸባራቂነት ለሌለው ቀለም ነው። አራተኛው «ቡላንክ» በአማርኛ «ድፍርስ» ከምንለው ጋር ይገጥማል፤ ድፍርስ ውኃ፣ የደበዘዘ ፎቶግራፍና ብዥ ያለ እይታ በእርሱ ይነገራሉ፣ ግሡም ለሆድ ማቅለሽለሽ ያገለግላል። አምስተኛው «ክስክ» ነው፤ ይህም «መቀነስ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ ሰው በእጁ ዝቅ ያደረገውን መብራት፣ የሰለለ ድምፅንና ለዘብ ያለ እሳትን ያመለክታል። በቱርክኛ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ «ክስክ አቴሽቴ» የሚል ሐረግ ያጋጠመው ተማሪ፣ ይህንን ዝምድና የሚያሳየው መዝገብ ከሌለው እሳትና ብርሃን ምን እንዳገናኛቸው ሊገባው አይችልም።

ብርሃን የሚደክምበት ሰዓት ደግሞ ለብቻው ይታያል። «አላጃካራንልክ» የሚባለው የንጋትና የምሽት ድንግዝግዝ «አላጃ» እና «ካራንልክ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጣመረ ሲሆን የመጀመሪያው ዝንጉርጉር፣ ሁለተኛው ጨለማ ማለት ነው። ዝንጉርጉር ጨለማ ብሎ መሰየም ሰዓቱን በትክክል ያየ ሕዝብ ሥራ ይመስለኛል።

ከብርሃን ውጭ ያሉት ፍቺዎችም መፈተሽ አለባቸው። እንግሊዝኛው ትዝታ ደበዘዘ ሲል ቱርክኛው «ሃያል ሜያል» ይላል፤ እንግሊዝኛው አንድን ጉዳይ በ«ዲም» እይታ ተመለከተው ሲል ቱርክኛው በመልካም ዓይን አላየውም ይላል፣ ይህም ከአማርኛው አነጋገር ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። መኪና ለሚነዳ ሰው የፊት መብራቱ አጭሩ ጨረር «ክሳ ፋር»፣ ረጅሙ «ኡዙን ፋር» ነው፤ እዚህ ላይ ስለ ድብዛዜ የሚናገር ቃል ጨርሶ የለም።

በዚህ መለኪያ የተመለከትኩት የመጀመሪያው አገልግሎት በነፃ የሚገኝ የስልክ መተግበሪያ ነው። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ይሁን እንጂ አምስቱን ቃላት በአንድ ረድፍ ደርድሮ ያልፋል፤ የትኛው ለክፍል፣ የትኛው ለዓይን፣ የትኛው ለመብራት እንደሆነ የሚጠቁም ምልክትም ሆነ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር የለውም። ጀማሪ ተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቃል ይወስዳል። በዚህ አኳኋን ስለ ወዳጁ የፈዘዘ ዓይን ሊጽፍ ፈልጎ «ሎሽ» ብሎ ቢጽፍ፣ ቱርካዊው አንባቢ ሰውየውን ከመተላለፊያ ጋር ያመሳሰለው ይመስለዋል። ለእኔ ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ሙሉ መልስ ያገኘ የሚመስለው ተማሪ ሌላ ቦታ ሄዶ አይጠይቅምና።

ሁለተኛው በወረቀት የታተመው የሬድሃውስ መዝገበ ቃላት ነው። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ጄምስ ሬድሃውስ ሲሆን፣ እርሱም በ1811 ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ኢስታንቡል የሄደ፣ በኦቶማን መንግሥት አገልግሎት የሠራና በ1892 የሞተ ሊቅ ነው። ትልቁ የቱርክኛና የእንግሊዝኛ ሥራው በ1890 በኢስታንቡል ታተመ፤ ያኔ ቱርክኛ የሚጻፈው በዐረብኛ ፊደል ነበር። በኅዳር 1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የላቲን ፊደል በሕግ ሲታወጅ፣ ቀጥሎም የቋንቋው ማሻሻያ ብዙ የዐረብኛና የፋርስ ቃላትን ሲያስወጣ፣ መዝገቡ እንደ አዲስ መዘጋጀት ነበረበት፤ ዛሬ በስሙ የሚሸጡት ጥራዞች የዚያ ረጅም እድሳት ውጤቶች ናቸው። የእንግሊዝኛና የቱርክኛው ጥራዝ ዋና ጥቅሙ ተቀራራቢ አቻዎችን በነጠላ ሰረዝ፣ የተለያዩ ፍቺዎችን በድርብ ሰረዝ መለየቱ ነው። ይህችን ትንሽ ምልክት ማንበብ የለመደ ተማሪ ሰረዙን ተከትሎ ፍቺው የት እንደሚዞር ያውቃል፤ ፈሊጣዊ አነጋገሮችም በዚያው በዋናው ቃል ሥር ይገኛሉ። በተለያየ መጠን ስለሚታተም ለቦርሳ የሚሆነውን መምረጥ ይቻላል፤ ይሁንና ትንሹ ጥራዝ ምሳሌዎቹን ስለሚቀንስ ለጀማሪ መካከለኛውን እመርጥለታለሁ።

ሦስተኛው የቱርክ ቋንቋ ተቋም በኢንተርኔት በነፃ የሚያቀርበው መዝገብ ነው። ተቋሙ በ1932 የተመሠረተ ሲሆን መዝገቡ ቱርክኛን በቱርክኛ ይፈታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ላለ ተማሪ አይሆንም። ጥቂት ወራት ለተማረ ሰው ግን የሚተካው አላየሁም። ከፍቺው ሥር ከደራስያን የተወሰዱ ዓረፍተ ነገሮች፣ ከቃሉ የተጣመሩ ቃላትና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ይሰጣል፤ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ልዩነቶች ያጸናልኝም እርሱ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ በአነጋገር ረገድ ያለው ብልጫ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አይነገርም። ቱርክኛ ነጥብ ያለውና ነጥብ የሌለው ሁለት «አይ» አለው፤ ነጥብ የሌለው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚያስቸግር ሲሆን ለእኛ ግን ከሳድሱ ድምፅ ጋር እጅግ ይቀራረባል። «ስንር» ድንበር፣ «ሲኒር» ነርቭ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህንን ያለ አስተማሪ ይለያል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአነባበብ መመሪያ ላይ ጊዜ ከማጥፋት በግዕዝ ፊደል ጽፎ ማጥናት ይቀላል። በአንጻሩ በ«ሶኑክ» ውስጥ ያሉት ሁለት አናባቢዎች በአማርኛ ስለሌሉ፣ ለእነርሱ የተቋሙን የድምፅ ቅጂ መስማት ያስፈልጋል።

ለነጋዴ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። መብራት የሚሸጡ ሱቆች በብዛት በሚገኙበት በኢስታንቡሉ ሺሽሃኔ ሠፈር፣ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ የሚል አምፖል ለመግዛት «ሎሽ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብርሃኑ ደካማ የሆነ አምፖል ይቀርብለታል። በንግዱ ዓለም የተለመደው አጠራር «ዲም ኤዲሌቢሊር» ነው፤ እንግሊዝኛው ቃል ራሱ ወደ ቱርክኛ ገብቶ ሥራውን ይዟል። እንዲህ ያለውን የገበያ ቃል የታተመ መዝገብ ዘግይቶ ስለሚከተል፣ ለዚህ ጉዳይ የአምፖሉን ካርቶን ማንበብ ይሻላል። ለቀረው ሁሉ ግን ያገኙትን የቱርክኛ ቃል መልሶ በቱርክኛው በኩል መፈለግና ከየትኞቹ ስሞች ጋር እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህንን የማያስችል መተግበሪያ በነፃም ቢሆን ስልክ ላይ ቦታ እንዲይዝ አልመክርም።