ኩሌን ላሳጠበኝ የኤምአርአይ ባለሙያ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሐኪሞቼን በአካል አመስግኛቸዋለሁ። ይህን ሰው ግን ያን ቀን በሩ ላይ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬው ነው የወጣሁት። ምን እንደዋለልኝ የገባኝ በኋላ ነው።

አስተማሪ ነኝ፣ 36 ዓመቴ። ፈተና ሳርም ቀኝ ዓይኔን ጠቅ ጠቅ ያደርገኝ ጀመር፤ ወደ ጎን ሳይማ ይብሳል። በሦስተኛው ቀን ግራ ዓይኔን ብሸፍን ቀዩ እስክሪብቶዬ የገል ቀለም መሰለኝ። እናቴ ምች ነው አለች፤ አንድ ቦታ ደግሞ መነጽር ሸጠው ሸኙኝ። በመጨረሻ ያየችኝ የዓይን ሐኪም ነርቭሽ አብጧል ብላ ኤምአርአይ ጻፈችልኝ።

ወረቀቱ ላይ ያለው የጭንቅላት ብቻ ነበር። ባለሙያው አነበበና «እህቴ፣ የሚያምሽ ዓይንሽን ስታንቀሳቅሺው ነው?» አለኝ። አዎ ስለው ሐኪሟ ጋ ደውሎ የዓይን ጉድጓዱም ከነኮንትራስቱ (የተቆጣው ቦታ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) እንዲነሳ አስጨመረ። ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ቀድሞ ነገረኝ፤ ለኮንትራስቱ ሲል የኩላሊት ምርመራዬንም አየ። የዓይን ጉድጓዱ ለብቻው ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቀው፣ ነርቩ ከዓይን ኳሱ ኋላ በስብ ተከቦ ነው የሚያልፈው፤ ስቡ ፎቶው ላይ ነጭ ነው፣ የተቆጣ ነርቭም ኮንትራስቱን ሲይዝ ነጭ ይሆናል። «ነጭ ጋቢ ላይ የፈሰሰ ወተት መፈለግ ነው። መጀመሪያ ስቡን ከፎቶው ላጠፋልሽ ይገባል» አለኝ። ከዚያ ኩሌን አሳጠበኝ! ለካ ብረት ነክ ነገር ያለበት ኩል ምስሉን ያበላሻል። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ሲያጓራ በየመሃሉ «ጨፍኚ፣ ዓይንሽን እንዳታንቀሳቅሺ፣ አራት ደቂቃ ቀረን» ይለኛል።

ጭንቅላቴ ንጹሕ ወጣ። በጭንቅላቱ ፎቶ ብቻ ቢሆን «ምንም የለብሽም» ተብዬ እመለስ ነበር። የቀኝ ነርቬ ግን ከግማሽ ርዝመቱ በላይ ተቆጥቷል፣ ሽፋኑም ጭምር፤ ግራውም እኔ ሳልሰማው ጀምሮታል። የነርቭ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በኤምኤስ (የሰውነት መከላከያ የነርቭን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) ብዙ ጊዜ የሚቆጣው የአንድ ዓይን ነርቭ አጭር ክፍል ነው፤ አኳፖሪን 4 በሚባል አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ነገር) የሚመጣው ሌላ በሽታ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ሁለቱ ነርቮች ወደሚገናኙበት ያደላል። የኔ ረጅም፣ ከፊት በኩል፣ ሽፋኑን የያዘ ስለነበር ሞግ የሚባለውን ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሞግ በሽታ የምርመራ መስፈርትም ርዝመቱንና የሽፋኑን መቆጣት ይቆጥራቸዋል። ማረጋገጫው የደም ምርመራ ነው፤ ናሙናዬ ውጭ አገር ሄዶ እስኪመለስ ሳይጠበቅ ስቴሮይድ የሚባል ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥር በቀን 1 ግራም ለ5 ቀን ተሰጠኝ፣ ቀጥሎ እየተቀነሰ የሚሄድ ኪኒን። ውጤቱ ሞግ ፖዘቲቭ። ለኤምኤስ የተለመዱት መድኃኒቶች ለዚህ አይሆኑም አሉኝ።

አሁን ቀዩ ቀይ ነው፤ ሲመሽ ብቻ ትንሽ ይደበዝዝብኛል።

ወረፋው አይጣል ነው፣ አልዋሽም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ደርሼ የገባሁት 7 ሰዓት ነው። የሰውየውን ስም ሳላስፈቅደው እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ተኳኩላችሁ እንዳትሄዱ ብቻ።