ዶን ሮዛን ለመግዛት፦ አሥሩ ቅጽ ይሻላል ወይስ የስክሩጅ ሕይወት ብቻውን?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ "ከኮሚክ ሠዓሊው ከዶን ሮዛ መጻሕፍት የቱን ልግዛ?" ብለው ጠየቁኝ። አንደኛው የጠየቀኝ ከገዛ በኋላ ነው። የገዛውን ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ አንጀቴ ቁርጥ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የእኔን 22 ዶላር የበላው ያው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ፋንታግራፊክስ የሚባለው አሳታሚ ያወጣው ባለ አሥር ቅጽ ስብስብ ይሻላል። አሥሩንም በአንዴ ግዙ አላልኩም። ከቅጽ 4 እና ከቅጽ 5 ጀምሩ።

ሰውየውን ለማታውቁት ባጭሩ ልናገር። ዶን ሮዛ በ1951 ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ውስጥ ተወለደ። የተማረው ሲቪል ምሕንድስና ነው። ይሠራ የነበረው አያቱ ባቋቋሙት የወለል ንጣፍ ድርጅት ውስጥ ነው። የዲዝኒውን ቱጃር ዳክዬ የስክሩጅ ማክደክን ታሪክ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ስሎ መጀመሪያ ያሳተመው በ1987 ነው። ስክሩጅን በ1947 የፈጠረው ካርል ባርክስ ነበር። ሮዛ በባርክስ ኮሚኮች ነው ያደገው። ያ ፍቅር እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

ዋና ሥራው ባለ 12 ምዕራፉ የስክሩጅ የሕይወት ታሪክ ነው። ባርክስ በየታሪኩ ጣል ያደረጋትን እያንዳንዷን ፍንጭ ለቀመ። ዓመት ሰጣት፣ ቦታ ሰጣት፣ አንድ ሙሉ ሕይወት አደረጋት። ከ1992 እስከ 1994 በዴንማርክ ወጣ፤ በ1995 ለኮሚክ የሚሰጠውን የአይዝነር ሽልማት አገኘ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ትንሹ ስክሩጅ ግላስጎው ውስጥ ጫማ ሊጠርግ ተቀምጧል። ደንበኛው ቦይ ቆፋሪ ነው። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ልጁ ይፍቃል፣ ይፍቃል፣ እስኪዝል ድረስ ይፍቃል። የሚከፈለው ግን እዚያ አገር ምንም የማይገዛ የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ሳንቲሟን እጁ ላይ ይዞ የሚቆምባት ሥዕል ለእኔ ብቻዋን የመጽሐፉን ዋጋ ታወጣለች።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

አሥሩ ቅጽ የወጣው ከ2014 እስከ 2018 ነው። የአንዱ የሽፋን ዋጋ 30 ዶላር ግድም ነበር። አሥሩ 300 ይመጣል። ሁለት ሁለት እየሆኑ በሣጥን ሲሸጡ መጀመሪያ ላይ አንዱ ሣጥን 50 ዶላር ግድም ነበር፤ በዚህ ዋጋ አምስት ሣጥን 250 ነው። 50 ዶላር ተረፈ ማለት ነው። ግን ልብ በሉ። የስክሩጅ ሕይወት ያለው በቅጽ 4 እና በቅጽ 5 ነው። ሣጥኖቹ ደግሞ 3 ከ4፣ 5 ከ6 ተጣምረዋል። ታሪኩ ለሁለት ሣጥን ተሰንጥቋል! እሱን ብቻ የሚፈልግ ሰው በሣጥን ከሄደ 100 ዶላር ያወጣል፤ ነጠላ ነጠላውን ከገዛ 60። ስገዛ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እያደር አሥሩንም መሙላቴ አይቀርም የምትሉ ከሆነ ግን በሣጥኑ አንዱ ቅጽ 25 ላይ ስለሚወድቅ ያዋጣችኋል።

ይህ የሽፋን ዋጋ ነው። ያለቁ ቅጾች ላይ ሻጮች የፈለጉትን ይጭናሉ። የእኔ ጣሪያ ለአንድ ቅጽ 45 ዶላር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ትቼ እጠብቃለሁ። ቅጽ 7ን አምስት ወር ጠብቄ በ28 አግኝቼዋለሁ። መላኪያውን ሳትደምሩ "ረከሰ" እንዳትሉ። 19 ዶላር የተለጠፈበትን ሳየው መላኪያው 16 ነበር። ድምሩ 35 ነው፤ ከአዲሱ በለጠ።

ሁለተኛው አማራጭ የሕይወት ታሪኩ ብቻውን የተሰበሰበበት እትም ነው፤ "ሙሉው" እየተባለ የሚሸጠው። ይሄኛው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሮዛ ከ12ቱ በኋላ የጻፋቸው ተጨማሪ ምዕራፎች በየዘመናቸው ገብተውበታል። በአሥሩ ቅጽ ግን ተበታትነዋል። በ2006 የወጣው የመጨረሻው ታሪኩ ለምሳሌ ያለው ቅጽ 10 ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ላንብበው ለሚል ሰው ይሄ ምቹ ነው። አልክድም።

ታዲያ ለምን አሥሩን እመርጣለሁ? ሮዛ የስክሩጅ ሕይወት ብቻ ስላልሆነ ነው። በ1987 የጀመረባት ታሪክ፣ በ1999 ስክሩጅን ፊንላንድ ወስዶ ከፊንላንዳውያን የጀግኖች ግጥም ከካሌቫላ ጋር ያገናኘበት ጉዞ፣ የጠፋ ቅርስ ፍለጋዎቹ፣ እነዚህ ሁሉ ከ"ሙሉው" ውጪ ይቀራሉ። በተጨማሪ በየቅጹ መጨረሻ ሮዛ ራሱ ስለየታሪኩ ይጽፋል፤ የራሱንም ሕይወት በተከታታይ ይተርካል። እኔ ሥዕሎቹን ሁለቴ ካነበብኩ ጽሑፉን አራቴ አንብቤዋለሁ።

የሰውየው መከፋት ደግሞ ልብ ይነካል። በ1989 አሜሪካ ውስጥ ይሠራለት የነበረውን አሳታሚ የተወው፣ ዲዝኒ፣ ሮዛ በእጁ የሳላቸው ዋና ሥዕሎች አይመለሱለትም ስላለ ነው። ከዚያ በኋላም የሚከፈለው በገጽ ነበር። ታሪኩ በየአገሩ ስንቴ ቢታተም ከሽያጩ ለእሱ የሚደርሰው ነገር አልነበረም። በኋላ ዓይኑም ታመመበት፤ መሣሉን አቆመ። ለምን እንዳቆመ ሲጽፍ ሁለቱንም አንስቷል። ይህን አውቄ ገጾቹን ስገልጥ እያንዳንዷን መስመር ቀስ ብዬ ነው የማያት።

ከሁሉም በፊት ቅጽ 5ን ያዙ የምለው በሌላ ምክንያት ነው። በ2023 ሮዛ እንደገለጸው፣ ዲዝኒ ሁለት ታሪኮቹ ከእንግዲህ እንዳይታተሙ ወስኗል። አንዱ የሕይወት ታሪኩ 11ኛ ምዕራፍ ነው። ምክንያቱ ቦምቢ የሚባለው ዞምቢ (የሚንቀሳቀስ ሬሳ) ነው። ባርክስ በ1949 ያመጣው፣ አፍሪካዊን አጉል አድርጎ የሚያሳይ ገጸ ባሕርይ ነው። ሥዕሉ እንደሚያስከፋ አልከራከርም፤ እኔንም ከፍቶኛል። ነገር ግን ስክሩጅ መንደር አስጠፍቶ ሐቀኝነቱን የሚያጣው፣ እህቶቹም ጥለውት የሚሄዱት በዚያ ምዕራፍ ነው። እሱ ከወጣ 12ኛው ምዕራፍ ላይ በትልቅ ቤት ብቻውን የተቀመጠው ሽማግሌ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አይገባም። ቅጽ 5 የታተመው ከውሳኔው በፊት ስለሆነ ምዕራፉ አለበት። "ሙሉውን" ስትገዙ ግን ሻጩን "11ኛው ምዕራፍ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ማውጫውን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።

ስስ ሽፋን ያላቸው የቆዩ እትሞችም አሉ። ርካሽ ናቸው። እኔ አንዱን በ11 ዶላር ገዝቼ ነበር። ሁለተኛው ንባብ ላይ መሐሉ ተሰነጠቀና ገጾቹ አንድ በአንድ መርገፍ ጀመሩ። በስኮች ለጠፍኩት። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። ስኮቹ ቢጫ ሆነ፤ ላንሣው ስል ቀለሙን ይዞ ተነሣ። በኋላ ነው መላውን ያገኘሁት። ነጭ ኮላ በቀጭን ብሩሽ፣ በገጹ ጠርዝ ላይ ብቻ፣ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት። ግራና ቀኙ እንዳይጣበቅ የሰም ወረቀት ማስገባት። ከዚያ ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር። አሁን ይነበባል። ኮላው፣ ብሩሹና ወረቀቱ ግን 9 ዶላር ፈጅቶብኛል። 20 ዶላር ሆነ ማለት ነው፤ 10 ብጨምር ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ቅጽ ይገዛልኝ ነበር።

አሁን ወደዚያች 22 ዶላር። ኢንተርኔት ላይ "አዲስ፣ ሙሉ፣ በአንድ መጽሐፍ" ተብሎ ነበር የተለጠፈው። ሲመጣ ሽፋኑ ያብለጨልጫል። ስገልጠው ጀርባው ቀጭ አለ። የዳር ዳር ንግግሮች መሐል ስፌቱ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። ከሁሉ የባሰው ሥዕሉ ነው። ሮዛ ጥላውን የሚሠራው ፀጉር በሚያካክሉ መስመሮች ነው፤ መስመር በመስመር ላይ። በፎርጂዱ ላይ ያ ሁሉ ተደፍጥጦ ግራጫ ጭቃ ሆኗል። ልመልሰው ስል መላኪያው 14 ዶላር ተባልኩ። ተውኩት።

ፎርጂዱን ለመለየት አንድ ዘዴ አለኝ። ሮዛ አብዛኛውን ጊዜ በታሪኩ የመጀመሪያ ሥዕል ውስጥ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላትን ይደብቃል፦ ዲ፣ ዩ፣ ሲ፣ ኬ። ሲነበቡ "ዳክ" ይላሉ፤ ዳክዬ ማለት ነው። እንደ እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ሲተነተኑ ደግሞ "ለአጎት ካርል ከኬኖ የተበረከተ" ማለት ነው። ካርል ባርክስ ነው፤ ኬኖ የሮዛ የራሱ የመጀመሪያ ስም። አንዳንዴ ሣር ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ። በትክክለኛው እትም ትንሽ ታግሶ ለፈለገ ሰው ይገኛል። በፎርጂዱ ላይ መስመሩ ስለተደፈጠጠ የለም። ከመክፈላችሁ በፊት የአንድ ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ በቅርብ ተነሥቶ ይላክላችሁ። ፎቶ አልክም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ያ ቀድሞ የገዛው ጓደኛዬ ትናንት ማታ ቅጽ 5ን በ31 ዶላር አገኘ፤ መላኪያው 4፣ ድምሩ 35። ሻጩ የላከለትን ፎቶ ወደ እኔ መለሰው። አሥር ደቂቃ ያህል እያጎላሁ ስፈልግ ቆየሁ። አራቱንም ፊደላት አገኘኋቸው። "ክፈል" አልኩት።