ኢንተለጀንስ 16 ወይስ 14? ባለ27 ነጥቡ ገበያ

"ዊዛርድ ልጫወት ነው፣ ኢንተለጀንሴን ስንት ላድርገው?" ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ይሄ ጥያቄ አይቀርም። ከኮምቦልቻም በቴሌግራም ይመጣል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ዳይስ እየጣልን ገጸ ባሕሪ ሆነን የምንጫወተው ጨዋታ ነው፤ ዊዛርድ ድግምተኛው ገጸ ባሕሪ፣ ኢንተለጀንስ ደግሞ ዋና ችሎታው ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም 14 ይበቃል። የተረፈውን ነጥብ ኮንስቲትዩሽን (የሰውነት ጽናት) ላይ አውሉት።

ነገሩ የዋጋ ነው። ለስድስቱ ችሎታዎች 27 ነጥብ አላችሁ። 8 በነጻ ነው። እስከ 13 ድረስ እያንዳንዷ ጭማሪ 1 ነጥብ ናት፤ 13 በ5 ይገዛል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ይንራል፦ 14 በ7፣ 15 በ9። ከ13 ወደ 15 ለመውጣት የሚጠየቀው 4 ነጥብ ኮንስቲትዩሽንን ከ8 ወደ 12 ያደርሰው ነበር።

ዘራቸው ሃይ ኤልፍ የሆነ ሁለት ዊዛርዶችን እንይ። አንደኛው ኢንተለጀንስ 15፣ ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) 14፣ ካሪዝማ (ሞገስ) 14፣ ዊዝደም (ጥበብ) 12 ገዛ፤ ኮንስቲትዩሽኑ 8 ላይ ቀረ። ሁለተኛው ኢንተለጀንስ 13፣ ኮንስቲትዩሽን 14፣ ዴክስተሪቲ 14፣ ካሪዝማና ዊዝደም 12፣ 12። ሁለቱም 27ቱን ጨርሰዋል። ሃይ ኤልፍ ኢንተለጀንስ ላይ 1 ስለሚጨምር አንዱ 16፣ ሌላው 14 ሆኑ።

ከጓደኞቻችን አንዱ የመጀመሪያውን ገዛ። ኮንስቲትዩሽኑ ዝቅ ስላለ ዊዛርዱ 5 ሕይወት ብቻ ይዞ ጀመረ። የጎብሊን (የትንሽ ጭራቅ) ቀስት ካገኘው ጉዳቱ ባለ6 ፊት ዳይስ ሲደመር 2 ነው። ይሄ ዊዛርድ ከስድስቱ ፊቶች በአራቱ ይዘረራል፤ ተዘረረም። የሚያነሳው ሰው ስላልነበረን ልጁ የቀረውን ጨዋታ ቁጭ ብሎ አየ። ሁለተኛው ዊዛርድ 8 ሕይወት አለው፤ የሚወድቀው 6 ስትወጣ ብቻ ነው። በየደረጃው የሚጨመረውን ሕይወት በአማካይ ከወሰዱ፣ ደረጃ 3 ላይ አንዱ 11፣ ሌላው 20 ይኖራቸዋል።

በምትኩ 16 ምን ይሰጣል? ባለ20 ፊቱ ዳይስ ላይ ከ14 ይልቅ 1 ይጨምራል። ከ20 ፊቶች የአንዷን ውጤት ይቀይራል፣ በቃ። ድግምት ይዞ ሳለ ሲመታ ትኩረቱን ላለመልቀቅ ግን የሚቆጠረው ኮንስቲትዩሽን ነው። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ዳይሱ ከኮንስቲትዩሽን ጭማሪው ወይም ቅናሹ ጋር 10 ከሞላ ይበቃል፦ አንደኛው ከ20 ፊቶች በ10ሩ፣ ሁለተኛው በ13ቱ ይተርፋል። እዚህ ልዩነቱ ሦስት ፊት ነው።

14 ላይ የሚያመኝ አንድ ነገር አለ። በቀን የሚዘጋጀው ድግምት በአንድ ያንሳል። አብሽሩ፣ ምርጫ ይክሰዋል። ማጂክ ሚሳይል፣ ሺልድ፣ ሜጅ አርመርና ሚስቲ ስቴፕ የሚባሉት ድግምቶች ኢንተለጀንስ ስንት እንደሆነ አይጠይቁም። ጠላት ዳይስ ጥሎ የሚያመልጣቸውን እንደ ዌብ ያሉትን ካልያዝኩ የሚል ግን 16ቱን ይግዛ፤ ኮንስቲትዩሽኑን 8 ላይ ሳይተው። የኮምቦልቻዎቹ ሳይመሽ መውረድ ስላለባቸው የእኛ ጨዋታ ደረጃ 3 ወይም 4 ላይ ያልቃል። እስከዚያ ዊዛርዱ በሕይወት መድረስ አለበት።

ብዙ ሰው 16 ላይ ሙጭጭ የሚለው በፎቶኮፒው ምክንያት ይመስለኛል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ጥራዝ ግማሹ 5ኛ እትም፣ ግማሹ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው 3ኛ እትም ነው። ቁጥሩ ደብዝዞ 13 ይሁን 18 አይለይም። ለእሱ የኮፒ ብር አታውጡ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ5ኛው እትም ክላሶች (እንደ ዊዛርድ ያሉ የገጸ ባሕሪ ዓይነቶች) እና ብዙዎቹ ድግምቶች በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ይወርዳሉ፤ የሚያስፈልጋችሁን ገጽ ብቻ አሳትሙ።

3ኛውን እትም የምትጫወቱ ከሆነ ግን ምክሬ ይገለበጣል። እዚያ የ3ኛ ደረጃ ድግምት ለመጠቀም ኢንተለጀንስ ቢያንስ 13፣ ለ5ኛው 15 ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ቁጥር በቀን ተጨማሪ ድግምትም ይሰጣል። እዚያ ዋናውን ችሎታ ሳትከራከሩ ግዙ።