ጥለት በሊብሬኦፊስ ካልክ፦ ከ11 ወር በኋላ

ሊብሬኦፊስ ካልክ የሚባለውን ነፃ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለደመወዝ ሳይሆን ለነጠላ ጥለት መጠቀም ከጀመርኩ 11 ወር ሞላኝ። ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ የሠራልኝንም ያቃጠለኝንም ልጻፈው።

አጎቴ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሠፈር ሸማኔ ናቸው። እኔ ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ንድፍ አወጣለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩትም ባለባት ከተማ፣ አጎቴ ጥለቱን ሁሉ የያዙት በጭንቅላታቸው ነው። እኔ እስከ አምና ድረስ በባለ ካሬ ደብተር ስስል ኖርኩ። ደንበኛዋ «ትንሽ ሰፋ ቢል» ካለች ሌሊቱን ሙሉ ላጲስ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ለሽመና ተብለው የተሠሩትን ነበር። አሜሪካ ያለው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ያወጣው አዳካድ የተባለ የሽመና ንድፍ ፕሮግራም በነፃ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፤ ንድፉን ማዞር፣ መገልበጥ፣ መደጋገም ይችላል። ብዙ መርገጫ ላለው ሰው ሸጋ ነገር ነው። የአጎቴ መርገጫ ግን ሁለት ነው። የእኛ ጥለት ከመርገጫ አይወጣም፤ ድሩን እየቆጠሩ በጣት አንሥተው ባለ ቀለሙን ክር የሚያስገቡበት ሥራ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ የተሞላ ሳጥንና ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ካልክ ደግሞ ሳጥን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ገጽ ላይ የጥለቱን አንድ ፍሬ (የሚደጋገመውን ቁራጭ) ብቻ እሠራለሁ፤ 1 ስጽፍ ቀይ፣ 2 ስጽፍ አረንጓዴ እንዲሆን ኮንዲሽናል ፎርማቲንጉን አዝዤዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ሙሉው ወርድ ነው። እዚያ ያለ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ዓምድ ቁጥር በፍሬው ስፋት ያካፍልና ቀሪውን ይዞ፣ ከፍሬው ላይ ያን ዓምድ ይቀዳል። ሞድና ኢንዴክስ የሚባሉት ሁለቱ ፎርሙላዎች ይበቃሉ። ፍሬው ላይ አንድ ሳጥን ስነካ ወርዱ ሁሉ በአንዴ ይቀየራል። ደብተሬን የጣልኩት ያን ቀን ነው። በይነመረብ አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ እሠራለሁ። የድሮው ካልክ 1,024 ዓምድ ብቻ ነበረው፣ ከ7.4 እትም ወዲህ 16,384 ነው፤ ለነጠላ የድሮውም ይተርፋል።

አሁን ወደ ስሕተቴ። ካልክ የሰጡትን ይደግማል፤ ስሕተትም ከሰጡት ስሕተቱን ይደግማል።

የመጀመሪያው ሥራዬ ዳይመንድ ነበር። ግማሹን በ16 ዓምድ ሠራሁና ገልብጬ ከጎኑ ለጠፍኩት፤ 32 ሆነ። የጫፉ ዓምድ ሁለት ጊዜ ስለገባ ጫፉ ሹል መሆኑ ቀርቶ ደነዘ፤ ፍሬና ፍሬ የሚገናኙበትም እንዲሁ። የጫፉ ዓምድ አንዴ ብቻ ይገባል፣ የመገናኛውንም ሁለቱ ፍሬዎች ይጋሩታል። እንዲያ ሲሆን የሚደገመው 30 ዓምድ ነው። አጎቴ ድሩን ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው የሚቆጥሩት፤ የዚያ ነጠላ ድር 425 ጥንድ ነበር። በ32 ሲካፈል 13 ፍሬ ሆኖ 9 ጥንድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በ30 ግን 14 ፍሬ 420፣ የመጨረሻውን ጫፍ የሚዘጋ አንድ ሲጨመር 421፤ የተረፈው 4 ለግራና ለቀኝ ዳር ሁለት ሁለት። ይህን ክር ሳይነካ ማወቅ ነው ትልቁ ጥቅሙ።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ስክሪኑ ላይ የተስተካከለው ዳይመንድ ተሸምኖ ሲወጣ ተጨፍልቋል። አጎቴ አዩትና «አንች ልጅ፣ ተቀምጠሽበታል እንዴ?» አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳጥኖቹን እኩል በእኩል አድርጌ ነበር። ማስመሪያ ይዤ ጨርቁ ላይ ቆጠርኩ፦ በ5 ሴንቲ ሜትር ወርድ 30 ጥንድ ድር፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ቁመት 40 የጥለት ረድፍ። ከዚያ የሳጥኑን ስፋት 4 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱን 3 ሚሊ ሜትር አደረግሁት፤ 31 ረድፍ የነበረው ዳይመንድ 41 ሆነ። ክር በተቀየረ ቁጥር ግን እንደገና መለካት አለ፤ በእጅ የተፈተለውና የፋብሪካው አንድ አይደሉም።

ኮምፒውተሩ አጎቴ ተቀምጠው የሚሸምኑበት ጉድጓድ አጠገብ አይደርስም፤ የሚደርሰው ወረቀት ነው። ወርዱን ሁሉ ማተም አያስፈልግም፤ አንዱ ፍሬ ግማሽ ኤ4 ላይ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ካልክ ረድፍ የሚቆጥረው ከላይ ወደ ታች ነው፣ ሸማኔው ግን ከራሱ ጀምሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ለሠርግ የታዘዘ «ፍ» ፊደል በዚህ ምክንያት በመስተዋት የታየ መስሎ ወጣብኝና ክሩ ተፈትቶ እንደገና ተጣለ። አሁን ከጎኑ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ቁጥር እጨምራለሁ፤ አጎቴ የጨረሱትን ረድፍ በእርሳስ ይሰርዛሉ።

የማይሠራው አለ። ባለ ቀለሙ ክር ከ6 ጥንድ በላይ ሳይታሰር ከተሻገረ፣ ያ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቀለበት ይይዘዋል። ካልክ ይህን አያውቅም፤ የሚቆጥርልኝ ፎርሙላ ራሴ መጻፍ ነበረብኝ። የብራና ሐረግ የመሰለ ጥምዝምዝም ሞክሬ ደረጃ ደረጃ ሆነብኝ፤ ትቼዋለሁ። ለእሱ የአጎቴ ጣት ይሻላል።

ካውንቲፍ የሚባለውን ፎርሙላ ግን ወድጄዋለሁ። የትኛው ቀለም ስንት ሳጥን እንደያዘ ስለሚቆጥር፣ የመጀመሪያው ፍሬ የፈጀውን ክር መዝነን ለቀሪው እናሰላለን። ቀይ መሐል መንገድ ላይ ማለቁ ቀረ።

ባለፈው ወር አንድ ነጠላ ሲወርድ 9ኛው ዳይመንድ ላይ ቀዩ መሐል ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ክሩ አልቆብኝ ነው» አሉ። የቀዩ ልቃቂት አጠገባቸው ነበር፣ ግማሹም አልተነካም።